የምንጩ ዐይንና የይዞታው ደብተር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)





የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ገጠር የመጠጥ ውሃ አንድ ንግግር እንዳደርግ በጠየቀኝ ጊዜ፣ የሚጠበቅብኝ ስለ ቧንቧ ስፋት፣ ስለ ውሃ ግፊትና ስለ ሲሚንቶ መጠን መናገር እንደ ሆነ ዐውቄ ነበር። ነገር ግን እነዚህን ጉዳዮች ከእኔ ይልቅ ጠንቅቀው የሚያውቁ አንጋፋ መሐንዲሶች በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። ስለዚህ እኔ በበኩሌ የማቀርበው፣ ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ሥራው ስለ ፈረሰበት አንድ ምንጭ፣ እንዲሁም የፈረሰውን መልሶ ለማቆም ቤተ ክርስቲያን ስላደረገችው ድጋፍ ይሆናል። የመንደሩንና የሰዎቹን ስም አልጠራም። ጥፋቱ በአብዛኛው የእኔ ስለ ሆነ ይህን ለመናገር የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ቦታው ደቡብ ወሎ፣ ደጋ ነው፤ ጊዜውም 2006 ዓ.ም.። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነበር። በኮረብታው ራስ ላይ በጽድና በወይራ ዛፍ የተከበበች ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ከዛፎቹ ግርጌ፣ በዳገቱ ወገብ ላይ ምንጩ ይወጣል። የወሎ ደጋ በአብዛኛው ባዛልት መሆኑን ታውቃላችሁ። በተሰነጣጠቀው ድንጋይ ውስጥ የሰረገው ዝናብ ውሃ የማያሳልፍ የሸክላ ንብርብር ሲገጥመው ወደ ጎን ይሄድና እንዲህ ባለው ስፍራ ብቅ ይላል። ሰውም ከብትም የሚጠጣው ከአንድ ኩሬ ነበር፤ አልቅት ከበሬ አፍ ሲወጣ በዐይኔ አይቻለሁ።

በግንቦት መጨረሻ፣ ምንጩ እጅግ በሚያንስበት ወቅት ለካሁ። 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ በ100 ሴኮንድ ሞላ። ይህ በሴኮንድ 0.2 ሊትር፣ በቀን 17,280 ሊትር ማለት ነው። መንደሩ 130 ቤተሰብ፣ ወደ 650 ነፍስ ነበረው። በዚያን ጊዜ እንሠራበት የነበረው የገጠር መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር፣ ከ1.5 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ውስጥ የሚል ስለ ነበር፣ የሚያስፈልገው 9,750 ሊትር ብቻ ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ልኩ ወደ 25 ሊትርና ወደ 1 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎም እንኳ 16,250 ሊትር ይሆናል፤ ምንጩ ይህንንም ይችላል። እንዲህ ያለ ስሌት ለወጣት መሐንዲስ ምን ያህል ደስታ እንደሚሰጥ ለእናንተ መንገር አያሻኝም።

ሥራውም በደንቡ ተሠራ። ምንጭ ሲጎለብት ዋናው ነገር የውሃውን ዐይን እስኪያገኙ ድረስ ወደ ዳገቱ መቆፈር ነው፤ ውሃውን ከዐይኑ ከፍታ በላይ አግዶ ማስጨነቅ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ምክንያቱም የተጨነቀ ምንጭ ሌላ መንገድ ፈልጎ ይሄዳል። እኛም 4 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ቆፍረን ሁለት ዐይኖች አገኘን። ሁለቱንም በአንድ ሳጥን ውስጥ አስገባን፤ ጠጠር ሞላን፣ በሸክላ አፈር ደፈንን፣ ከበላዩም የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቀደድን። 10 ሜትር ኩብ የሚይዝ ማጠራቀሚያ፣ ሁለት ቦኖ፣ አንድ የከብት መጠጫ ገንዳም ተሠራ። ከምንጩ በላይ 30 ሜትር፣ ወርዱ 40 ሜትር የሆነ ቦታ እንዳይታረስ አጠርን። ይህ 1,200 ካሬ ሜትር፣ በገበሬው አነጋገር ግማሽ ጥማድ ያህል መሬት ነው።

በሁለተኛው ክረምት አጥሩ ተነቅሎ ነበር። በሦስተኛው፣ ማረሻው እስከ ሳጥኑ ክዳን ድረስ መጥቶ ቦዩን ደፈነው፤ ጎርፉም ፍጉን ይዞ ገባ። ውሃው ሲመረመር፣ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድ እንኳ መገኘት የማይገባው ከዐይነ ምድር የሚመጣ ባክቴሪያ ተገኘበት። በዚያው ዓመት ቧንቧው በሁለት ቦታ በመጥረቢያ ተቆረጠ። እኔን የላከኝ መሥሪያ ቤት በዘገባው ላይ «የኅብረተሰቡ የባለቤትነት ስሜት አነስተኛ ነው» ብሎ ጻፈና መዝገቡን ዘጋ። እውነቱን ለመናገር ያንን ዐረፍተ ነገር ያረቀቅሁት እኔ ነበርሁ።

ምንጩን እንደገና የማየት ዕድል የገጠመኝ በ2009 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያን የልማት ክፍል በዚያ መንደር የውሃውን ሥራ ለማደስ ባለሙያ ሲፈልግ ነው። ሲሚንቶ፣ የብረት ዘንግና 900 ሜትር ቧንቧ ተዘጋጅቶ ነበር። ወደ መንደሩ በደረስሁ ዕለት የደብሩ አስተዳዳሪ፣ መምሬ እያሉ የሚጠሯቸው አዛውንት ካህን፣ ወደ ምንጩ አልወሰዱኝም፤ ከምንጩ በላይ ያለው ማሳ ወደሚመለከታቸው ባል የሞተባቸው እናት ቤት ወሰዱኝ። ቡና ተፈላ። ከሁለተኛው በኋላ ሴትዮዋ የይዞታ ደብተራቸውን ከሙዳይ አውጥተው ሰጡኝና እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ውሃውን ማን ይጠላል? እኔም እጠጣለሁ። ነገር ግን ደብተሬ ላይ ‹በታች ምንጭ› ተብሎ ተጽፏል። አንተ ምንጩን አራት ሜትር ወደ እኔ አመጣኸው። እንግዲህ ድንበሬ የት ነው?»

ባልደረቦቼ ሆይ፣ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ቀመር አልነበረኝም።

ነገሩን ለመረዳት ደብተሩ እንዴት እንደሚሠራ ማስታወስ ያስፈልጋል። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተሰጠው የመጀመሪያ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ አልነበረውም። መሬቱ በገመድ ተለክቶ፣ ጎረቤት ምስክር ቆሞ፣ በአራቱ ማዕዘን የሚያዋስነው ሰው ወይም ነገር ስሙ ይጻፋል፤ እከሌ፣ መንገድ፣ ገደል፣ ምንጭ። ደብተሩ ታላቅ ነገር ነው፤ ባልና ሚስት ሁለቱም በስማቸውና በፎቶግራፋቸው የሚታዩበት በመሆኑ ለሴቶች ያስገኘው ዋስትና ቀላል አይደለም። ነገር ግን ወሰኑ ምንጭ ሲሆን፣ ምንጩን የሚያንቀሳቅስ ሰው ወሰኑን ያንቀሳቅሳል። ከምንጩ በታች ያለው ማሳ የሟች ባላቸው ወንድም ነው። እኔ ቆፍሬ ዐይኑን ባገኘሁ ማግስት እርሱ በደብተሩ ላይ «በላይ ምንጭ» የሚለውን እያሳየ እስከ ሳጥኑ የእኔ ነው አለ። 4 ሜትር በ40 ሜትር፣ 160 ካሬ ሜትር። በዚህ ላይ እኔ ለአጥር የወሰድሁት ግማሽ ጥማድ ሲታከል፣ ሴትዮዋ መሬታቸው ከታችም ከላይም እየተበላ መሆኑን አዩ። ማሳቸውን በእኩል የሚያርስላቸው ሰው አጥሩን ነቅሎ እስከ ሳጥኑ እንዲያርስ ያዘዙት ራሳቸው እንደ ነበሩ አልደበቁኝም። ያልታረሰ መሬት ባለቤት የሌለው ይመስላል ብለው ነው። ይህን ፍርሃት ከንቱ የሚለው የ1989ኙን የክልሉን የመሬት ሽግሽግ ያላየ ሰው ብቻ ነው።

ፈቃዳቸውን አልጠየቅሁም ነበርን? ጠይቄአለሁ። በቀበሌው ስብሰባ ላይ «ለልማት የሚሆን ቦታ ይሰጣል» ተብሎ በጭብጨባ ጸደቀ፤ በቃለ ጉባኤውም ላይ ጣታቸውን አሳርፈዋል። በ130 አባወራ ፊት፣ ባል የሌላት ሴት እንቢ ትላለች ብሎ መጠበቅ ግን ፈቃድ መጠየቅ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ገበሬው ከይዞታው እንዳይነቀል ይጠብቃል፤ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት ሲወሰድ ካሣ እንዲከፈል የሚያዝዝ ሕግም ያን ጊዜ ነበር፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተሻሽሎ ወጥቷል። ሆኖም ለመንገድና ለግድብ የሚታሰበው ካሣ፣ ለአንዲት ትንሽ ምንጭ አጥር ትዝ የሚለው ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም።

እዚህ ላይ ስለ ቤተ ክርስቲያን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። ቤተ ክርስቲያንና መሬት ሲባል የአገራችን ሰው የሚያስታውሰው ነገር ብዙ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ እስኪወጣ ድረስ፣ እርስዋ ራስዋ ከታላላቆቹ ባለመሬቶች አንዷ ነበረች። ስለሆነም የመንደሩ ሽማግሌዎች የካህናቱን ሽምግልና በአንድ ጊዜ አልተቀበሉትም። አንዱ አዛውንት በመምሬ ፊት፣ «ድሮ ደብተራው መሬቱን ይዞ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ደብተሩን ልያዝላችሁ ይለናል» ሲሉ ሁሉም ሳቀ፤ መምሬም ሳቁ።

በሌላ በኩል በልማት ሥራ ውስጥ መግባት ለአብያተ ክርስቲያናት አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን የተቋቋመው በ1964 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን በላከችው የታወቀ ደብዳቤ፣ ወንጌልን መስበክና የሰውን ኑሮ ማሻሻል የማይነጣጠሉ መሆናቸውን ገልጻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተቆፈረውን ጉድጓድና የጎለበተውን ምንጭ ከእኛ ውስጥ በእጁ የሠራው ሰው አይጠፋም። በመንደሩ ግን ዋጋ የነበረው ሲሚንቶው አልነበረም።

ካህናቱ ሥራውን የጀመሩት ከምንጩ ሳይሆን ከራሳቸው አጥር ነው። በእርግጥ ይህን ሐሳብ ያቀረብሁት እኔ ነኝ። የሌላውን ወሰን ልትሸመግሉ ከሆነ በቅድሚያ የቤተ ክርስቲያኑ ወሰን በደብተሩ መሠረት ይለካ አልሁ። ሁለት ሳምንት ያህል ፊታቸው ጠቆረብኝ። በመጨረሻ በመምሬ ግፊት ሰበካ ጉባኤው ተስማማ። ሲለካም የድንጋዩ አጥር በአንድ ወገን ሦስት እርምጃ ያህል ወደ ጎረቤት ገበሬ ማሳ ገብቶ ተገኘ። ካህናቱ አጥሩን አፍርሰው ወደ ቦታው መለሱት። ሕዝቡ ድንጋይ ሲያቀብሉ የነበሩትን ዲያቆናት ቆሞ እያየ ነበር። እኔ ከዚያ ቀን በፊት ማንንም ስለ ወሰን አናግሬ ቀጥተኛ መልስ አግኝቼ አላውቅም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሰዎች ደብተራቸውን ይዘው ወደ እኔ ይመጡ ጀመር።

ሁለተኛው ነገር ጠበሉ ነው። በ2006 ዓ.ም. በአንድ ሳጥን ውስጥ የከተትኋቸው ሁለት ዐይኖች አንድ ዓይነት አልነበሩም። ላይኛው፣ ትንሹ፣ ከጥንት ጀምሮ በጠበልነት የሚታወቅ ነበር። ያንን በሲሚንቶ መክደኔን የነገረኝ አንድም ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ጠበል ለእንስራና ለልብስ ማጠቢያ አይቀዳም፤ ለመቅረብም የራሱ ደንብ አለው፤ አንዲት እናት በወር አበባዋ ጊዜ ከቦኖው ለመቅዳት እያመነታች ወደ ወንዙ ትወርድ ነበር። በመንደሩ የሚኖሩት ሙስሊም ቤተሰቦችም ነገሩ አላማራቸውም። እንግዲህ ከካህናቱና ከመስጊዱ ሽማግሌዎች ጋራ አንድ ላይ ተቀምጠን፣ ላይኛው ዐይን ለብቻው እንዲተውና የራሱ መፍሰሻ እንዲኖረው፣ የታችኛው ግን ያለ ልዩነት ለሁሉም እንዲሆን ተወሰነ።

ይህ ውሳኔ ዋጋ አስከፍሎናል። የታችኛው ዐይን ብቻውን ሲለካ በሴኮንድ 0.17 ሊትር፣ በቀን 14,688 ሊትር ይሰጣል። ለ650 ሰው ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 22.6 ሊትር ነው፤ ከ25 ይጎድላል። በወረቀት ላይ ልኩን ያላሟላ ሥራ ፈረምሁ። ቀድሞ ልኩን ያሟላው ሥራዬ ግን በሦስተኛው ክረምት የሚጠጣ ውሃ አልሰጠም፤ ስለዚህ ፊርማዬን አልጸጸትበትም።

ሦስተኛውና ረጅሙ ንግግር የሴትዮዋና የባላቸው ወንድም ጉዳይ ነበር። አራት ወር ፈጀ። ሲሚንቶ ከሦስት ወር በላይ ሲቀመጥ ኃይሉ እየቀነሰ እንደሚሄድ ታውቃላችሁ፤ እኔ በመጋዘኑ ደጃፍ እየተመላለስሁ በውስጤ ስበሳጭ 11 ከረጢት ደርቆ ድንጋይ ሆነ። መምሬን፣ «አባ፣ ሲሚንቶው እየሞተ ነው» ብላቸው፣ «ሲሚንቶ ይገዛል፤ የተጣላ ወንድም ግን ከየት ይገዛል?» አሉኝ። በመጨረሻ ሰውየው በምስክሮች ፊት የወንድሙ ሚስትና ልጆች ወሰን ቀድሞ ውሃው ይወጣበት ከነበረው ስፍራ መሆኑን አምኖ ፈረመ። በዚያ ስፍራ ላይ አራት የድንጋይ ምልክት ተከልን፤ የወረዳው መሬት አስተዳደር ባለሙያም መጥቶ በመዝገቡ ላይ «ምንጭ» የሚለውን ቃል «የድንጋይ ምልክት» በሚለው ተካው። ደብተሩም በእርሳቸውና በልጆቻቸው ስም ታደሰ።

ስለ ታጠረው ግማሽ ጥማድም ውል ተጻፈ። መሬቱ ከደብተራቸው አይወጣም፤ ሣሩ የእርሳቸው ነው፤ አያርሱትም፣ ከብት አያስገቡበትም። ሽማግሌዎች እንደ ገመቱት ከዚያ ቦታ በደህና ዓመት አንድ ኩንታል ተኩል ገብስ ይገኛል፤ እኩል አራሹ ግማሹን ስለሚወስድ ለሴትዮዋ የሚደርሳቸው 75 ኪሎ ነው። ስለዚህ የውሃው ተጠቃሚዎች በየዓመቱ ከአዝመራ በኋላ 75 ኪሎ ገብስ ይሰጧቸዋል። ለ130 ቤተሰብ ሲካፈል ለአንዱ ከ600 ግራም ያነሰ፣ ጣሳ የማይሞላ እህል ነው። በ2006 ዓ.ም. ይህን ስሌት የሠራ ሰው ቢኖር ኖሮ ቧንቧው አይቆረጥም ነበር። ቧንቧው የሚያልፍባቸው ሰባት ገበሬዎችም በየስማቸው ተጽፎ፣ ለጥገና ሲቆፈር አዝመራ ከተጎዳ የሚከፈላቸው ተወሰነ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንዱ መሬት ላይ ሌላው የሚኖረውን አገልግሎት ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያውቃል፤ እኛ መሐንዲሶች ግን በንድፋችን ላይ ከ«ተራ ቁጥር» ቀጥሎ የባለይዞታ ስም ስንጽፍ አይታይም።

ውሉ በሦስት ቅጂ ተዘጋጀ፤ አንዱ በወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት፣ አንዱም በመስጊዱ ሽማግሌዎች እጅ ተቀመጠ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎ በደረሰ ጊዜ በጽሕፈት ቤት የነበረው ቅጂ ጠፋ። ሁለቱ ተርፈዋል። በኋላ ሄጄ ሳይ የዕቃ ቤቱን ቅጂ መምሬን የተኩት ወጣት ካህን ከቅዳሴ መጻሕፍቱ ጋራ በጨርቅ ጠቅልለው አስቀምጠውት አገኘሁ።

ግንባታው ራሱ በ2010 ዓ.ም. በሰባት ሳምንት ተፈጸመ፤ ስለ እርሱ ብዙ የምነግራችሁ የለኝም። ሳጥኑ ያው ነው፣ ቦዩም ያው ነው። ባለፈው ጊዜ ውሃው ሲመረመር ንጹሕ ነበር፤ አጥሩም ቆሟል።

ሁሉ ነገር አምሯል ማለቴ አይደለም። በመጀመሪያ፣ እንዲህ ያለው ሽምግልና በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የቆመ ነው። መምሬ በእርጅና ምክንያት ከሥራ ካረፉ ወዲህ የገብሱ ክፍያ አንድ ዓመት ዘግይቶ ነበር። ሁለተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ራስዋ ጎረቤትና ባለይዞታ ስለ ሆነች፣ አጥሩን የመለሰው ደብር እንዳለ ሁሉ የማይመልስም ሊኖር ይችላል፤ ካህን ሸመገለ ማለት ፍርድ ተስተካከለ ማለት አይደለም፤ የመንግሥቱ መዝገብ መተካት አይገባውም። ሦስተኛውና ለእኔ ከባዱ የጊዜው ጉዳይ ነው። ውሉ የተጻፈው ለዐሥር ዓመት ነው፤ በ2020 ዓ.ም. ያበቃል። በፊርማው ቀን ልጅ የነበረው የሴትዮዋ ወንድ ልጅ አድጓል፤ የሚያርሰው የራሱ መሬት የለውም። ስንገናኝ፣ «ጋሼ፣ እናቴ ገብስ ትቀበላለች፤ እኔ ግን የምፈልገው የማርሰው መሬት ነው» ብሎኛል። ለእርሱም የምመልሰው አልነበረኝም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ ሁሉ የሕግ ሰውና የሽማግሌ ሥራ ነው፤ መሐንዲስ ምን አገባው ይሉኛል። ወሰን የመፍረድ ሥልጣን እንደሌለን እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ወሰኑን ያንቀሳቀስሁት በአካፋዬ ነው፤ ማንቀሳቀሴንም ከእኔ በቀር በልኬት ሊያውቅ የሚችል አልነበረም። በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ወሰን በአየር ፎቶግራፍ ላይ እየተነበበ ባለ ካርታ ደብተር በሚሰጥባቸው ቀበሌዎች ነገሩ ይቀላል፤ ካርታው በእጃችን እያለ ንድፋችንን በላዩ ላይ አለማንሣት ግን ስንፍና ይሆናል። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 በወጣበት በዚህ ዘመን የገጠር ውሃ የንድፍ ቅጾቻችን እስካሁን ስለ ባለይዞታ የሚጠይቁት አንዲት መስመር ናት፤ «ቦታው ተፈቅዷል/አልተፈቀደም»።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። የቴክኒክ ኮሚቴው በሚያዘጋጀው ቅጽ ውስጥ ከምንጩ ልኬት ገጽ ቀጥሎ አንድ ገጽ ይጨመር። በእርሱም ላይ ከቁፋሮ በፊት የምንጩ ዐይን ያለበት ቦታ በድንጋይ ምልክት መያዙ፣ በአጥሩና በቧንቧው መስመር ላይ ያሉት ባለይዞታዎች ስም፣ የሚያጡት አዝመራ በኪሎ፣ የሚከፈለውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነና እስከ መቼ፣ እንዲሁም ቅጂው የሚቀመጥባቸው ሦስት ቦታዎች ይጻፉ። የምንጩን ገጽ ረቂቅ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከስብሰባው በኋላ ለመመልከት ለሚፈልግ በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። «እስከ መቼ» የሚለውን መስመር ግን ባዶ ትቼዋለሁ፤ በእርሱ ላይ የእናንተን ምክር እፈልጋለሁ።